ማፍረስን እምቢ ያሉ አርክቴክቶች

በፌብሩዋሪ 1986 ከፓሪስ በስተሰሜን ባለችው ላ ኩርኔቭ ከተማ «ደቡሲ» የተባለ ግዙፍ የመኖሪያ ሕንፃ በፈንጂ ተደረመሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕዝቡ ቆሞ ያያል፤ የቴሌቪዥን ካሜራዎች ይቀርጻሉ። ብዙ ቤተሰብ የወለደበትና ያሳደገበት ፎቅ በሰከንዶች ውስጥ አቧራ ሆነ። ዕድሜው ገና ሃያ ዓመት ቢሻገር ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በሊዮን አጠገብ፣ ሌ ሚንጌት በተባለው ሰፈርም ፎቆች ፈርሰው ነበር። ከእነዚህ ዓመታት ወዲህ ፈረንሳይ ውስጥ ድሃ የሚኖርበትን ፎቅ ማፍረስ የለውጥ ምልክት ተደርጎ ይታይ ጀመር።

ሲሠሩ ግን ተስፋ የተጣለባቸው ቤቶች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጣችው ፈረንሳይ የቤት ያለህ ትል ነበር። በ1954 የብርድ ወራት አንዲት ሴት ከቤቷ እንድትወጣ የታዘዘችበትን ወረቀት እንደያዘች ፓሪስ ጎዳና ላይ በብርድ ሞታ ተገኘች። አቤ ፒየር የሚባሉት ካህን ይህን በሬዲዮ ተናግረው አገሩን ቀሰቀሱት። መንግሥትም በየከተማው ዳርቻ ረጃጅም ፎቆችን በገፍ መሥራት ያዘ፤ ግንባታው እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ቀጠለ። ገብተው ለኖሩት ሰዎች ሙቅ ውኃ፣ መታጠቢያ ቤትና ማሞቂያ ያለው ቤት ብርቅ ነበር። ቆይቶ ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ሥራ ጠፋ፣ ሊፍቱ ሲበላሽ የሚጠግነው ታጣ፣ የሰፈሮቹ ስምም ከሥራ አጥነትና ከሁከት ጋር ተያይዞ ይነሳ ጀመር። ፖለቲከኞች ጥፋቱን በኮንክሪቱ ላይ አላከኩ። ሥራ ያጠፋው ኮንክሪቱ አልነበረም፤ ፈንጂ ሲቀበርበት ግን ተከራክሮ ራሱን አያድንም።

በ2003 በሚኒስትሩ በዣን-ልዊ ቦርሎ ስም የሚጠራው ሕግ ወጣና ወደ 200,000 የሚጠጉ ቤቶች ፈርሰው በአዲስ እንዲተኩ ታቀደ። በዓመቱ ሦስት አርክቴክቶች አንድ ጥናት አቀረቡ። ፍሬደሪክ ድሩዎ፣ አን ላካቶን እና ዣን-ፊሊፕ ቫሳል ናቸው። ጥናቱን «ፕሉስ» አሉት፤ «ተጨማሪ» ማለት ነው። የሚሉት ነገር ለባለሥልጣን ጆሮ የሚጥም አልነበረም፦ ምንም አይፍረስ፣ ምንም አይቀነስ፣ ያለው ላይ ይጨመር፣ ነዋሪውም ከቤቱ አይነቀል። ሂሳቡንም አብረው አስቀመጡ። አንድ ቤት አፍርሶ በአዲስ ለመተካት በሚወጣው ገንዘብ ሁለት፣ እንዲያውም ሦስት ቤቶችን ማስፋትና ማደስ እንደሚቻል አሳዩ።

ላካቶንና ቫሳል ይህን ያሉት ድንገት ተነስተው አይደለም። ሃሳቡ ሲበስል ሃያ ዓመት ፈጅቷል፤ ሥሩም ያለው አፍሪካ ውስጥ ነው።

ቫሳል የተወለዱት በ1954 ካዛብላንካ፣ ሞሮኮ ውስጥ ነው። ላካቶን በ1955 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። ሁለቱ ቦርዶ በሚገኘው የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ተገናኙ፤ በ1980 ተመረቁ። ከዚያ ቫሳል በከተማ ፕላን ሙያ ለመሥራት ወደ ኒጀር አቀኑ። ላካቶን ቦርዶ ቀርተው የከተማ ፕላን ትምህርታቸውን እየቀጠሉ ወደ ኒጀር ይመላለሱ ነበር። የበረሃው ሕዝብ ከእጁ በገባው ነገር ሁሉ ጥላ ሲሠራ፣ የተጣለ እንጨት፣ ጨርቅና ቆርቆሮ መልሶ ሲጠቀም፣ ከምንም ተነስቶ ኑሮ ሲመሠርት በቅርብ አዩ። ቫሳል ኒጀርን ሁለተኛው የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቴ ይሏታል። እኔም አምናቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ በሠሩት ሥራ ሁሉ የኒጀር ዋና ከተማ የኒያሜ ጥላ ይታያልና።

የመጀመሪያው የጋራ ሥራቸው የቆመውም እዚያው ኒያሜ፣ የኒጀር ወንዝን ቁልቁል በሚያይ የአሸዋ ኮረብታ ላይ ነው። በ1984 ከአካባቢው በተገኘ የቁጥቋጦ ቅርንጫፍና ሣር የሠሩት ጎጆ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ነፋስ ወሰደው። ሌላ አርክቴክት ቢሆን የሥራ ታሪኩን ከእንዲህ ዓይነት ጎጆ አይጀምርም። እነሱ ግን ዛሬም የሥራቸው መጀመሪያ አድርገው ያነሱታል።

በ1987 የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። ስማቸውን መጀመሪያ ያስጠራችው ቦርዶ አጠገብ በፍሏራክ በ1993 የተጠናቀቀች የአንድ ቤተሰብ ቤት ናት። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ አነስተኛ በጀት። አርክቴክቶቹ ውድ ዕቃ እንደማይገዛ ስላወቁ ለግብርና ወደሚውሉ ቁሳቁሶች ዞሩ። በመንገዱ በኩል ቤቱን ተራ የፋይበር ሲሚንቶ ክዳን አለበሱት። በጓሮው በኩል ደግሞ ብርሃን በሚያሳልፍ የፖሊካርቦኔት ቆርቆሮ የተከለለ ትልቅ ክፍል ጨመሩ፤ ሆለታ አካባቢ በአበባ እርሻዎች የምናየው ዓይነት ግሪንሃውስ ቤቱ ላይ ተለጥፎ አስቡት። በብርድ ወራት ፀሐይ ያሞቀዋል፤ በሙቀት ጊዜ ይከፈታል። ቤተሰቡ በዚያው ገንዘብ ሊያገኝ ከሚችለው እጅግ የሰፋ ቤት አገኘ። ሁለቱን ከብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸው የሚለየው ይህ ይመስለኛል፤ ቅንጦት ለእነሱ ስፋት፣ ብርሃንና አየር ነው፣ እብነ በረድ አይደለም። ይህም ቅንጦት ገንዘብ ለሌለው ሰው ይገባዋል ብለው ያምናሉ።

በ1996 የቦርዶ ከተማ አደባባዮቿን ለማሳመር ስትነሳ ሊዮን ኦኮክ የተባለችውን አነስተኛ አደባባይ ለእነሱ ሰጠች። አደባባይዋ በሠራተኛ ሰፈር መሐል ናት፤ ዙሪያዋን ዛፎች፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ቀለል ያሉ ጥሩ ቤቶች አሉ፤ ሰዎች የብረት ኳስ እየወረወሩ ይጫወቱባታል። አርክቴክቶቹ ቦታው ላይ ጊዜ ወሰዱ፣ ነዋሪውን አነጋገሩ፣ ከዚያም መልሳቸውን ይዘው ቀረቡ፦ አደባባይዋ ውብ ናት፣ ምንም አያስፈልጋትም። ጠጠሩ ይቀየር፣ ጽዳቱ ይጠንከር፣ ዛፎቹ ይታከሙ፣ የመኪናው አካሄድ ትንሽ ይስተካከል፤ በቃ። ሥራ የሚፈልግ፣ ስሙ ገና ያልገነነ ቢሮ ገንዘብ ተመድቦለት «ምንም አይነካ» ብሎ ሲመልስ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ በሙያው ያለ ሰው ያውቀዋል። ብዙ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ስለ ላካቶንና ቫሳል መጀመሪያ የሚሰሙት ይህንኑ ታሪክ ነው፤ ተገቢም ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው በላይ በላዩ መጣ። በካፕ ፌሬ የባሕር ዳርቻ በ1998 የሠሩትን ቤት በምሰሶ ላይ አቁመው፣ በቦታው ያሉት ጥዶች አንድም ሳይቆረጡ፣ ስድስቱን በቤቱ ወለልና ጣሪያ አሳልፈዋቸዋል፤ ዛፎቹ በነፋስ ሲወዛወዙ ቤቱን እንዳይጎዱ መተጣጠፊያ ተበጅቶላቸዋል። ፓሪስ ውስጥ ለ1937ቱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተሠራውን ፓሌ ደ ቶክዮ ለዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሲያዘጋጁ ደግሞ የተላጠውን ግድግዳና ኮንክሪት እንዳለ ተውት። አርአያ ያደረጉት በማራኬሽ የሚገኘውን የጀማ ኤል ፍና አደባባይ ነበር፤ ቀን ባዶ የሚመስል፣ ሲመሽ በሻጭ፣ በተረት ነጋሪና በሙዚቀኛ የሚሞላ ሜዳ። በ2009 በናንት ከተማ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ሠሩ፤ በተመደበላቸው ገንዘብ ከተጠየቀው ስፋት እጥፍ ገደማ አስረከቡ። በደንከርክ ወደብ አንድ አሮጌ የመርከብ መሥሪያ አዳራሽ የሥነ ጥበብ ማዕከል እንዲያደርጉት ሲጠየቁ አዳራሹን ባዶውን ትተው፣ ከጎኑ በመጠን የሚመስለውን መንትያ አቆሙለት።

የ2004ቱ ጥናት በተግባር የተፈተነው ግን በፓሪስ ሰሜናዊ ጫፍ፣ የቀለበት መንገዱ አጠገብ በቆመው የቧ-ለ-ፕሬትር ማማ ላይ ነው። ሬሞን ሎፔዝ የነደፉትና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጠናቀቀ፣ ወደ 50 ሜትር የሚረዝም፣ 96 ቤቶች ያሉት ፎቅ ነበር። ኋላ ላይ ብርድ ለመከላከል በሚል ውጩ በፓነል ተሸፈነና መስኮቶቹ ጠበቡ፤ ነዋሪው ፓሪስን ከላይ ሆኖ እያየ በጨለማ ይኖር ጀመር። ማፍረስ ታስቦ ነበር። በኋላ ውድድር ወጣና ድሩዎ፣ ላካቶንና ቫሳል አሸነፉ።

ሥራው እንዲህ ነው የተከናወነው። ወለል፣ ምሰሶና መከለያ ያላቸው ክፍሎች ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው ይመጣሉ። ክሬን እያነሳ አንዱን በሌላው ላይ ይደረድራቸዋል፤ በራሳቸው ምሰሶ ስለሚቆሙ አሮጌውን ፎቅ አይጫኑትም። ከዚያ የቀድሞው ውጫዊ ግድግዳ ተነስቶ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ተንሸራታች መስታወት ይገባበታል። ነዋሪው ጠባብ መስኮት በነበረበት ቦታ በር ይከፍታል፤ ከበሩ ወጥቶ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ መከለያ የተዘጋ በረንዳ ያገኛል፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሜትር ክፍት በረንዳ አለ። የተዘጋው በረንዳ ፀሐይ ያሞቀውን አየር ስለሚይዝ ብርዱ በቀጥታ ሳሎን አይገባም፤ የማሞቂያው ወጪ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የሕንፃው ስፋት ከ8,900 ካሬ ሜትር ገደማ ወደ 12,460 ከፍ አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ነዋሪዎቹ ከፎቁ አልወጡም። ቤተሰቡ የሰፋበት ሰፋ ወዳለ፣ ልጆቹ ወጥተው የቀሩ አዛውንትም አነስ ወዳለ ቤት እዚያው ሕንፃ ውስጥ መዛወር ይችሉ ነበር። ሥራው በ2011 ሲያልቅ የፈጀው 11 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ነው፤ ማፍረስና እንደገና መሥራት ቢሆን ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ይጠይቅ ነበር።

ቀጥሎ ቦርዶ መጣ፤ የግራን ፓርክ ሰፈር። በ1960ዎቹ የተሠሩ ሦስት ረጃጅም ፎቆች፣ 530 ቤቶች። ላካቶንና ቫሳል ከድሩዎና ከክሪስቶፍ ኡታን ጋር ሆነው እስከ 3.80 ሜትር የሚወጣ የበረንዳ ተጨማሪ በፎቆቹ ላይ ቀጠሉ። ለአንዱ ቤት የወሰደው ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀን ነው። ለተከራይ ወሳኙ ነገር ግን ኪራዩ ነበር፤ ኪራዩ አልጨመረም። ይህ ከሥነ ሕንፃ መጽሔት ፎቶግራፍ ላይ የማይታይ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው እሱን ነው። ብዙ ጊዜ ሰፈር ሲያምር የቀድሞው ነዋሪ ይባረራል፤ ቤቱ ካልፈረሰ ኪራዩ ያስወጣዋል። ግራን ፓርክ ውስጥ የሰፋውን ቤት የተረከበው ያው በጠባቡ ሲኖር የነበረው ሰው ነው።

ግራን ፓርክ በ2019 የአውሮፓ ኅብረት የሥነ ሕንፃ ሽልማት የሆነውን የሚስ ቫን ደር ሮኸ ሽልማት አገኘ። በ2021 ላካቶንና ቫሳል በሙያው ከፍተኛ ተብሎ የሚታየውን የፕሪትዝከር ሽልማት ተቀበሉ፤ ላካቶን ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ ፈረንሳዊት ናቸው። በዓመቱ ሽልማቱ የኒጀር ጎረቤት በሆነችው ቡርኪና ፋሶ ለተወለዱት ለፍራንሲስ ኬሬ ተሰጠ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተሸላሚ ናቸው። ከሳሕል ምድር የተማረና ከሳሕል ምድር የበቀለ ሥነ ሕንፃ በተከታታይ ሁለት ዓመት መከበሩ እኛ አፍሪካውያን ልናስተውለው የሚገባ ነገር ነው።

ሥራቸውን የሚነቅፉ አሉ። ፖሊካርቦኔት ርካሽ ይመስላል፣ ሕንፃዎቻቸው ያላለቁ ይመስላሉ ይባላል። ከመንገድ ቆሞ ለሚያይ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ከውስጥ ሆኖ፣ ተክሉን በረንዳው ላይ ደርድሮ፣ ልብሱን አስጥቶ፣ ምግቡን ፀሐይ ላይ ለሚበላ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አርክቴክቶቹም የሚያዳምጡት ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው። ሌላው ክርክር ይከብዳል፦ ሁሉም ሕንፃ ሊድን ይችላል ወይ? መሠረቱ የተናጋ ሕንፃ አይድንም። ነገር ግን በፈረንሳይ ከፈረሱት ብዙዎቹ ምሰሶና ወለላቸው ጤነኛ ነበር። የፈረሱት ከተማው መልኩን ለመቀየር ስለፈለገ፣ የመንግሥት ድጎማም ከማፍረስ ዕቅድ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ ነው።

ሽልማቱ ማፍረሱን አላስቆመውም። ዛሬም በቱሉዝ ከተማ፣ ዦርዥ ካንዲሊስና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ የነደፉት የለ ሚራይ ሰፈር ፎቆች አንድ በአንድ እየተነሱ ነው። ነዋሪዎችና አርክቴክቶች እንዲታደሱ ይጠይቃሉ። ከፓሪስ በስተደቡብ ሻትኔ-ማላብሪ ውስጥ ያለው የቢዩት ሩዥ የአትክልት ሰፈርም በተመሳሳይ ክርክር ላይ ነው። የማፍረስ ዕቅድ የያዙት ወገኖች ከእንግዲህ ሌላ አማራጭ የለም ሊሉ አይችሉም፤ ከቱሉዝ ቦርዶ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ናት፣ 530ዎቹ ቤቶችም ሰው ይኖርባቸዋል።