ከሽጉጥ ስጦታ እስከ እራት ግብዣ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዋሽንግተን ውስጥ ማሳመን፣ መወትወትና መደለል በምክር ቤቱ መተላለፊያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይጋፉ ነበር። ሎቢ የሚባለው ሥራ ስሙን ያገኘውም ባለጉዳይ ሕግ አውጪዎችን ከሚጠብቅበት ከእንዲህ ዓይነቱ መተላለፊያ ነው።

የሽጉጥ ሠሪው የሳሙኤል ኮልት ወኪሎች የሽጉጥ ፓተንቱን ለማስራዘም ሲሯሯጡ ሽጉጥ በስጦታ አደሉ። ነገሩ እስከ ምርመራ ደረሰ፤ በ1854 እ.ኤ.አ. የምክር ቤቱ ኮሚቴ ጉዳዩን ፈተሸው።

ሳም ዋርድ ግን በማዕድ አመነ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ «የሎቢው ንጉሥ» የተባለው ይህ ሰው ምግቡንና ወይኑን ራሱ ይመርጣል፤ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥም አስቦ ይወስናል። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም፤ ወዳጅነት ግን ይጠነክራል። በ1875 በፓሲፊክ ሜይል የመርከብ ኩባንያ ቅሌት ምክንያት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሙያውን ተከላከለ።

በማሳመንና በመደለል መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። አቤቱታ ማቅረብ የዜጋ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው፤ ድምፅ በገንዘብ መግዛት ወንጀል ነው። እራቱ የቆመው በሁለቱ መካከል ነው፤ ሕዝብ ደግሞ ጋባዡ የማን ተከፋይ እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል።

የአሜሪካ ሕግ አውጪ ኮንግረስ በ1946 ሎቢስቶች እንዲመዘገቡ ደነገገ። ሕጉ ቀዳዳ ስለበዛበት በ1995 በሌላ ተተካ፤ አዲሱ ሕግ ደንበኛንና ክፍያን በየጊዜው ማሳወቅን ግዴታ አደረገ።