ከደም የተሠራው ክትባትና የሕክምና ተማሪዎች

አሜሪካ የመጀመሪያውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1981 ነው። ኋላ ኤድስ የተባለው በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው ደግሞ በዚያው ዓመት በጁን፣ አምስት ወር ቀደም ብሎ ነበር። የሁለቱ መገጣጠም ለክትባቱ ክፉ ዕድል ሆነበት።

ክትባቱ የሚሠራው የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ በደማቸው ከተሸከሙ ሰዎች ፕላዝማ ነበር። ከሰጪዎቹ ብዙዎቹ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶች ነበሩ። ተመራማሪው ዎልፍ ሽሙነስ በኒው ዮርክ የመራው፣ ውጤቱም በ1980 የታተመው ዋና ሙከራ የተካሄደው በዚሁ ማኅበረሰብ 1,083 በጎ ፈቃደኞች ላይ ነው። አዲሱ በሽታ መጀመሪያ የታየው በእነዚሁ ሰዎች ዘንድ ስለነበር፣ በሥራው ደም የሚነካው የሕክምና ተማሪም ሐኪምም «ከዚያ ደም የመጣ መርፌ አልወጋም» ማለቱ አይገርምም። የኤድስ ቫይረስ ራሱ በ1983 እስኪለይ ድረስ ክትባቱን መርምሮ ንጹሕነቱን የሚያረጋግጥ አልነበረም። አምራቹ ፕላዝማውን በፔፕሲን፣ በዩሪያና በፎርማሊን አከታትሎ ያክመው ነበር። ይህ ሂደት የኤድስን ቫይረስ እንደሚገድል፣ ከተከተቡትም መካከል በክትባቱ ሳቢያ የተያዘ እንዳልተገኘ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዲሴምበር 1984 አስታወቀ። በ1986 ደግሞ ከእርሾ የሚሠራ፣ የሰው ደም ያልነካው ክትባት መጣ።

ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። የ1980ዎቹ መጨረሻ ሲደርስ ግን በብዙ ሆስፒታሎች የክትባቱን ሦስት መርፌዎች የጨረሰው ሠራተኛ ከግማሽ በታች ነበር። ሦስቱ መርፌዎች ከ100 ዶላር በላይ ያስወጡ ነበር፤ ደመወዝ ለሌለው ተማሪ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በእኔ ግምት ከወሬው ይልቅ ሰውን ያስቀረው ይኸው የገንዘብ ጥያቄ፣ ከወጣትነት መተማመን ጋር ተደምሮ ነው። የሚያስገርመው ፍርሃቱና አደጋው አለመመጣጠናቸው ነው፤ በተበከለ መርፌ የተወጋ፣ ያልተከተበ ሰው በሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ሲሆን፣ በኤድስ ቫይረስ ግን 0.3 በመቶ ገደማ ነው።

በ1990 የፌዴራሉ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ አደጋው ብዙውን ጊዜ የሚበረታው በሥልጠና ወቅት መሆኑን ገልጦ፣ የሕክምና፣ የጥርስ፣ የነርስና የላቦራቶሪ ተማሪዎች ደም ከመንካታቸው በፊት ተከትበው ይጨርሱ አለ። እጁ ገና ያልፈታ ተማሪ መርፌ ሲይዝ ማን እንደሚወጋ ያየ ሁሉ ይህን ምክር ይረዳዋል።

በዲሴምበር 1991 የወጣው የሥራ ደኅንነት ደንብ አሠሪ ለሠራተኛው ክትባቱን በነጻ እንዲያቀርብ አስገደደ፤ እምቢ ያለም እምቢታውን በጽሑፍ ይፈርማል። በ1983 ወደ 17,000 ይጠጋል ተብሎ የተገመተው በዓመት በሄፓታይተስ ቢ የሚያዙ የጤና ሠራተኞች ቁጥር በ1995 ወደ 400 ወረደ። ደንቡ ግን ያቀፈው ሠራተኛን ነው። ደመወዝ የማይከፈለው ተማሪ ከሽፋኑ ውጭ ቀረ፤ ጉዳዩ በየትምህርት ቤቱ ፈቃድና በተማሪው ኪስ ላይ ወደቀ።

ወደ እኛ፣ ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ክትባቱ ከሕፃናት መደበኛ ክትባት የገባው በ2007፣ በእኛ አቆጣጠር 1999 ዓ.ም.፣ አምስት በሽታዎችን በአንድ በሚይዘው መርፌ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የተወለዱት የዩኒቨርሲቲን ደጅ መርገጥ የጀመሩት ገና በቅርቡ ነው፤ ከእነሱ በፊት ነጭ ካባ የለበሱት በሕፃንነታቸው በዚህ መርሐ ግብር አልተከተቡም።