የጄኔቫ ተፋሰስ ጂኦፊዚካዊ ቅኝት

ጂኦፊዚካዊ ቅኝት፣ አለት ለንዝረት፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለስበትና ለመግነጢስ ከሚሰጠው ምላሽ ተነሥቶ፣ ከምድርና ከውሃ ወለል በታች ያለውን ሁኔታ ሳይቆፍሩ የማወቂያ ዘዴ ነው። መሣሪያዎቹ አለቱን ራሱን ሳይሆን ጠባዩን ስለሚለኩ ውጤታቸው ምንጊዜም ትርጓሜ ይሻል፤ የትርጓሜው አቅምና ወሰን ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱም በጁራና በሳሌቭ ተራሮች መካከል የተዘረጋው የጄኔቫ ተፋሰስ ነው።

በዚህ ተፋሰስ ከላይ የጥንት የበረዶ ግግር ትቶት የሄደ ጠጠርና ጭቃ፣ ቀጥሎ ሞላስ የሚባል የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ንብብር፣ ከዚያ ሥር ደግሞ በስንጥቆቹ ሙቅ ውሃ የሚያዘዋውር የኖራ ድንጋይ ይገኛል። ድምፅ በእነዚህ ንብብሮች ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ስለሚለያይ ዋናው መመርመሪያ የነጸብራቅ ሳይዝሚክ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 በጄኔቫ በተካሄደው ባለ ሦስት ገጽታ ቅኝት ከባድ የጭነት መኪኖች በየመንገዱ እየቆሙ ከሆዳቸው ሥር ያለውን የብረት ሰሌዳ አስፋልቱ ላይ ተጭነው፣ ከዝግተኛ ርግብግቢት ተነሥቶ እየፈጠነ የሚሄድ ንዝረት ወደ መሬት ይልኩ ነበር፤ ከንብብሮቹ ድንበር ነጥሮ የሚመለሰውን ሞገድ መሬት ላይ የተሰካኩ ጂኦፎኖች፣ ማለትም የንዝረት መቀበያዎች፣ ይመዘግባሉ፤ ሞገዱ ደርሶ ለመመለስ ከፈጀበት ጊዜም ጥልቀቱ ይሰላል። በሐይቅ ላይ መርሑ ያው ሆኖ የድምፅ ምንጩንና መቀበያውን ጀልባ ይጎትታል፤ ይሁንና በወለሉ ጭቃ ውስጥ ጋዝ በታመቀበት ስፍራ ድምፁ ስለሚዋጥ ከዚያ ሥር ያለው ሳይታይ ይቀራል።

ንዝረት የንብብሩን ቅርጽ ቢያሳይም ውሃ በአለቱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈስ አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ1993 በቶኔ የተቆፈረው 2,690 ሜትር ጉድጓድ በቂ ሙቀት ቢያገኝም የውሃው መጠን እጅግ አነስተኛ ነበር። በአንጻሩ በ2018 በሳቲኒ የተቆፈረው ጉድጓድ ገና በ744 ሜትር ጥልቀት፣ 34 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሞቅ ውሃ በሰከንድ 50 ሊትር ያህል በራሱ ግፊት አፍልቋል። ሁለቱ ጉድጓዶች በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ቢሆኑም የለያቸው የኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቅን አስቀድሞ መለየትም የሙያው ከባዱ ክፍል ሆኖ ይገኛል።

ለዋሻ ሥራም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው። ሰርን በመባል የሚታወቀው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን ዋሻ ሲያስቆፍር፣ በ1986 በጁራ ሥር በኖራ ድንጋዩ በኩል ውሃ ሰብሮ ገብቶ ሥራውን አስተጓጉሏል። አሁን የታቀደው 91 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያ ያለው ዋሻ በአማካይ በ200 ሜትር ጥልቀት፣ ከፊሉም ከጄኔቫ ሐይቅ በታች የሚያልፍ በመሆኑ፣ ሞላሱ የት አብቅቶ የኖራ ድንጋዩ የት እንደሚጀምር ለመለየት በ2024 የሳይዝሚክ ልኬትና የናሙና ቁፋሮ ተጣምረው ተጀምረዋል።

ሌላው ዘዴ፣ ማግኔቶቴሉሪክ፣ የራሱን ሞገድ አይልክም፤ የፀሐይ ነፋስና መብረቅ በምድር ውስጥ የሚያስነሡትን የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለካል። የከተማ ባቡርና የኃይል መስመር ስለሚያውኩት ለጄኔቫ እምብዛም አይመችም፤ የዙሪኩ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኢ.ቲ.ኤች.) ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ግን በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው በአሉቶ እሳተ ገሞራ ላይ ሠርቶበታል። በ2015 በታተመው ጥናታቸው መሠረት፣ ኤሌክትሪክን በቀላሉ የሚያሳልፈው ጥልቀት የሌለው ንብብር ሙቅ ውሃ አለቱን ለውጦ የፈጠረው ሸክላ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚሞቀው ከሥሩ ያለው አለት ግን ኤሌክትሪክን የሚያሳልፈው ከሸክላው ባነሰ መጠን ነው።