የግሸን ጤፉትና የሕፃናት የጽሕፈት ትምህርት

በአምባሰል የምትገኘው የግሸን አምባ ዙሪያዋ ገደል፣ መልኳም የመስቀል አምሳል እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በዚያ ከሚጠበቁት መጻሕፍት አንዱ ጤፉት ይባላል፤ ይህም ስም የወጣለት ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ ስለ ሆነ ነው ይላሉ። መስከረም 21 ቀን ለበዓል የሚወጣው ሕዝብ የመጽሐፉን ነገር ይሰማል፤ ይህን ያህል የረቀቀ ፊደል የጻፈ እጅ በልጅነቱ እንዴት ተማረ ብሎ የሚጠይቅ ግን አይበዛም።

ጽሕፈት በዚህ አገር የቆየ ሥራ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1240 ዓ.ም. ገደማ በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት አቁመው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት አፈሩ፤ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌልም እስከ ዘመናችን ደርሷል። ነገር ግን መጽሐፍ በከበረበት አገር ጸሐፊ አልበዛም።

ምክንያቱ ከትምህርቱ ሥርዓት ይገኛል። ሕፃኑ ከሀሁ ተነሥቶ፣ በአቡጊዳና በመልእክተ ዮሐንስ አልፎ ዳዊት ሲደግም የሚሠሩት ዓይኑ፣ ጆሮውና አንደበቱ ናቸው፤ እጁ የሚይዘው ፊደል የሚጠቁምበትን ስንደዶ ብቻ ነው። ጽሕፈት ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነበረና፣ የፈለገው ከጸሐፊ እግር ሥር ተቀምጦ ብራና መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ መቃ መቅረጽን ይማር ነበር። የተሳሳተውን መምህሩ አይቶ በካራ ያስፍቀዋል፤ እጁም የሚቃናው በዚህ እርማት ነው።

ሌሎችን ሕፃናት ከጽሕፈት የከለከላቸው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የብራና ውድነት ነው፤ ለልምምድ የሚባክን ቆዳ ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ስም ነው፤ የሚጽፍ ሰው ክታብ ጸሐፊ ተብሎ ይጠረጠር፣ መኳንንቱም ሥራውን ለጸሐፊያቸው ይተዉት ነበር። ሦስተኛው ቋንቋ ነው፤ ልጁ የሚያነበው ግዕዝ፣ የሚናገረው አማርኛ ነበርና፣ የልቡን በብራና ላይ ለማውጣት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ መቶ ሃምሳውን መዝሙር በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ መሬቱ ሲወሰድበት አቤቱታውን የሚጽፍለት ሌላ ሰው ይለምን ነበር።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከመንገሣቸው አስቀድሞ ነገሥታቱ ልጆች በሚታገዱባት በዚችው በግሸን ኖረዋል። ከነገሡም በኋላ (1426–1460 ዓ.ም.) መጽሐፈ ብርሃንን የመሰሉ ድርሰቶች በስማቸው ወጥተዋል። ይህም የሚያሳየን ጽሕፈት ከእጅ በፊት የሚነገር ጉዳይ እንደሚሻ ነው።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን (1847–1860 ዓ.ም.) የአማርኛ ደብዳቤ በረታ፤ በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ደብተርና እርሳስ ወደ ገጠር አደረሰ። እንግዲህ የብራናው፣ የስሙና የቋንቋው እንቅፋት ተነሥቷል ለማለት ይቻላል። ቢሆንም ልጅ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ብቻ እየገለበጠ፣ ደብተሩንም የሚያርምለት አጥቶ ቢያድግ፣ ስንደዶው በእርሳስ ተለወጠ እንጂ ነገሩ እንደ ጥንቱ ነው።

ስለዚህ አባቶችና ወላጆች ሆይ፣ ለልጅ ብዙ የሚያነበውን እንስጠው፤ ስሕተቱንም ሳንሰለች እናርምለት። ከሁሉ በላይ ግን የራሱን ቃል ያጽፉት፤ ለአያቱ ደብዳቤ ይላክ፣ የሰማውን ታሪክ ይመዝግብ። ጤፉትን የጻፈው እጅም አንድ ቀን የመጀመሪያውን ሀ ጠማማ አድርጎ የጻፈ የሕፃን እጅ ነበርና።