ብረት በወርቅ ካባ

በ2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ «ይህማ ብረት ነው» ተብሎ ተመለሰ። ላዩን ወርቅ የተለበጠ ብረት! በሰምና ወርቅ የምንኮራ፣ ላዩን ገፈን ሥሩን በማግኘት የምንመጻደቅ ሰዎች፣ ለአንዴ ወርቁ ላይ ሆኖ ብረቱ ሥር ተገኘብን።

እኛን ከማጭበርበሩ ይልቅ የገረመን የክብደቱ ነገር ነው። ወርቅ ከእኩል መጠን ውሃ 19.3 ጊዜ ይከብዳል። ብረት 8 እንኳ አይሞላም። በዓለም ገበያ የታወቀው ትልቁ የወርቅ ጡብ 12.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ያው ጡብ፣ በዚያው ቁመትና ወርድ፣ ከብረት ቢሠራ 5 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህን ለመለየት ላቦራቶሪ ምን ያደርጋል? ክንድ ይበቃል። «ክብደቱ እንዲስተካከል ብረቱን እናተልቀው» ቢባል ደግሞ ጡቡ ሁለት እጥፍ ተኩል ያብጣልና ዓይን ይይዘዋል። ክብደቱ ለወርቅ በጣም የሚቀርበው ቱንግስተን ነው፤ 19.25። የእኛዎቹ ለቱንግስተን እንኳ አልተጨነቁም።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። የሲራክዩሱን ንጉሥ ዘውድ በውሃ ስለፈተነው አርኪሜዲስ ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተናል። ታሪኩን የጻፈልን ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የኖረው ሮማዊው ቪትሩቪየስ ነው። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1586፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ይህን ታሪክ ተጠራጠረው። የሚፈሰውን ውሃ መለካት ሸካራ ዘዴ ስለመሰለው፣ ዕቃውን ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ የሚመዝን ሚዛን አቀረበ። ከእሱ በፊት ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1121፣ አል ኻዚኒ የተባለው የመርቭ ሊቅ «የጥበብ ሚዛን» ብሎ በሰየመው መጽሐፉ የብረታ ብረትንና የከበሩ ድንጋዮችን አንጻራዊ ክብደት ዘርዝሮ ነበር።

ሌላው ፈተና መፋቅ ነው። የአርስቶትል ተማሪ ቴዎፍራስጦስ ስለ ድንጋዮች በጻፈው መጽሐፍ የመፈተኛውን ድንጋይ ያነሳል። ወርቁን ጥቁር ድንጋይ ላይ ትፍቀዋለህ፣ የተወውን መስመር ታያለህ። ብዙ ሰው ያሞኘው ፓይራይት የሚባለው ማዕድን እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ ሲያዩት ቢጫ ነው፣ ሲፈቀፈቅ ግን ወደ ጥቁር የሚያደላ መስመር ይተዋል። ወርቅ ቢጫ መስመሩን አይለውጥም። ችግሩ ግን ድንጋዩ የሚነካው ቆዳውን ብቻ መሆኑ ነው። ለተለበጠ ብረት ቆዳው እውነተኛ ወርቅ ነው! በደንብ ካልተቦረቦረ በቀር ፈተናውን ያልፋል። ክብደት ግን የሆድን ያወጣል።

ማዕድናትን በጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 10 የደረደረው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1812። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ቪየና ውስጥ የአንድ ሀብታም የማዕድን ስብስብ እንዲለይ ተቀጥሮ ነበር። ቀጣሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የባንክ ባለቤት! ያ ሰው ካዝናው ውስጥ ያለውን ለማወቅ ባለሙያ ቀጠረ።

ባለሙያ እኛም አልጠፋንም። ባንኩ የሚገዛውን ወርቅ መርምሮ «እውነተኛ ነው» ብሎ የሚያረጋግጠው የጂኦሎጂካል ሰርቬይ ነበር። ጉዱ ሲወጣ ከታሰሩት መካከል ከነጋዴውና ከባንኩ ሰዎች ጋር የዚሁ መሥሪያ ቤት ኬሚስቶች ይገኙበታል። መታሰር ጥፋተኛ መሆን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ግን ያ ጡብ ከሻጭ ወደ መርማሪ፣ ከመርማሪ ወደ ካዝና፣ ከካዝና ወደ አውሮፕላን ሲሄድ ስንት እጅ አነሳው? ስንት ሰው «አይ፣ ይሄ ቀለለኝ» ማለት ይችል ነበር?

ባንኩ የቀረውን ወርቅ በሙሉ እንዲያስመረምር የታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው።