የቢራ ዓይነቶች አመጣጥ፤ የፒልዘን ቢራና የአገራችን ጠላ

መግቢያ

በተማሪዎች መካከል ስለ መጠጥ ጨዋታ ሲነሣ ሁለት ወገኖች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን፥ ቢራ የሥልጣኔ ፍሬ ነው፤ ጠላ ግን ከጓዳ ያልወጣ ኋላ ቀር መጠጥ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ ጠላ ከማናቸውም የፈረንጅ መጠጥ ይበልጣል፤ የሚወዳደረውም የለም ሲል ይመልሳል። እኛም ይህን ክርክር ደጋግመን ስለ ሰማን ነገሩን በስሜት ሳይሆን በታሪክ ለመመርመር አሰብን። ለመሆኑ ዛሬ ‹‹ቢራ›› ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ያ ወርቅ የመሰለ፥ ጥርት ያለና ቀዝቃዛ መጠጥ ከየት መጣ? ከጠላስ የሚለየው በምንድን ነው?

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናስታውቃለን። ይህ ጽሑፍ መጠጥን ለማሞገስም ሆነ ለመንቀፍ አልተዘጋጀም፤ የምንመለከተው የሙያውን ታሪክ ብቻ ነው። እንዲሁም የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ብርድ የመረጠው እርሾ

ቢራ የሚሠራው በጠቅላላው ከአራት ነገሮች ነው፤ ከውሃ፥ ከበቀለ እህል ማለት ከብቅል፥ መራራነትና መዓዛ ከሚሰጥ ተክል፥ ከእርሾም። በአውሮፓ መራራውን ጣዕም የሚሰጠው ሆፕ የሚባለው የሐረግ አበባ ሲሆን በእኛ አገር ይህን ሥራ ጌሾ ይሠራዋል። አንዱ የቢራ ዓይነት ከሌላው የሚለየው በእህሉ፥ በብቅሉ አደራረቅና አቈላል፥ በውሃው ጠባይ፥ ይልቁንም እርሾው በሙቀት ወይም በብርድ የሚሠራ በመሆኑ ነው።

በ1516 የባቫሪያው መስፍን ቪልሄልም 4ኛ ከወንድሙ ከሉድቪግ 10ኛ ጋራ ሆኖ በኢንጎልሽታት ከተማ አንድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ቢራ ከገብስ፥ ከሆፕና ከውሃ በቀር በሌላ ነገር እንዳይጠመቅ የሚያዝ፥ ዋጋውንም የሚወስን ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው እርሾ በዚህ ደንብ ውስጥ አለመጠቀሱ ነው። ጠማቂዎቹ ከቀደመው ቢራ የተረፈውን አተላ ወደ አዲሱ መጨመር ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን በአተላው ውስጥ ሕይወት ያለው ፍጥረት እንዳለ በዚያን ዘመን የሚያውቅ አልነበረም።

በበጋ የተጠመቀ ቢራ ቶሎ ስለሚበላሽ በ1553 በባቫሪያ ሌላ ትእዛዝ ወጣ። በዚህም መሠረት ቢራ የሚጠመቀው ከሴፕቴምበር 29 ቀን ከቅዱስ ሚካኤል በዓል እስከ ኤፕሪል 23 ቀን እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ብቻ ሆነ። ስለዚህ ጠማቂዎች በክረምቱ ብርድ እየጠመቁ ለበጋው የሚሆነውን ከመሬት በታች በተቈፈሩ ቀዝቃዛ ጓዳዎች ያኖሩት ነበር። ‹‹ላገር›› የሚለው የቢራ ስም የመጣው ከዚሁ ነው፤ በጀርመንኛ ማከማቸት፥ ማኖር ማለት ነው።

ከዚህ ትእዛዝ ማንም ያላሰበው ውጤት ተገኘ። በሙቀት የለመደው እርሾ በብርድ ጊዜ ይደክማል፤ ብርድ የሚችለው ግን ቀስ እያለ ይሠራና በመጨረሻ ወደ ጋኑ ሥር ይዘቅጣል። ጠማቂዎቹም በየዓመቱ ከሥር የዘቀጠውን እየወሰዱ ወደሚቀጥለው ቢራ ሲጨምሩ ሳያውቁት ብርድ የሚችለውን ዘር እየመረጡ አራቡት። እንግዲህ የላገር ቢራ መሠረት በአንድ ሊቅ የተፈጠረ ሳይሆን የአገሩ ብርድና የሠራተኛው ልማድ አብረው ያወጡት ነው።

፪. የፒልዘን ከተማ ቢራ

እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የባቫሪያ ላገር መልኩ ጠቈር ያለ ነበር። በእንግሊዝ አገር ግን ከድንጋይ ከሰል በተዘጋጀ ጢስ አልባ ማገዶ ብቅልን ሳያጠቍሩ የማድረቅ ጥበብ ቀድሞ ተስፋፍቶ ነበር። በ1833 የሙኒኩ ገብርኤል ሴድልማየርና የቪየናው አንቶን ድሬኸር ይህን ለማየት ወደ ብሪታንያ ተጓዙ። ሁለቱ ወጣቶች ባዶ ሆዱ በተቦረቦረ ከዘራ ከየፋብሪካው ናሙና በስውር ይቀዱ ነበር ተብሎ ይተረካል። በ1841 ድሬኸር በቪየና ቀላ ያለ ላገር አወጣ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በቦሔሚያ፥ ዛሬ ቼክ በሚባለው አገር፥ ከፒልዘን ከተማ ነው። በዚያ ከተማ የመጥመቅ መብት የነበራቸው ዜጎች በየተራ ይጠምቁ ስለ ነበር ቢራው አንድ ጊዜ ደኅና፥ አንድ ጊዜ መጥፎ ይሆን ነበር። በ1838 ከመበላሸቱ የተነሣ 36 በርሜል ቢራ በከተማው ምክር ቤት ፊት ለፊት በአደባባይ ፈሰሰ። ከዚህ ኀፍረት በኋላ ባለመብቶቹ ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ የጋራ መጥመቂያ ሠሩ፤ ከባቫሪያም ዮሴፍ ግሮል የተባለ የ29 ዓመት ጠማቂ ቀጠሩ።

ግሮል የመጀመሪያውን ቢራ የጠመቀው በኦክቶበር 5 ቀን 1842 ነው። በዚያን ቀን አራት ነገሮች ተገናኙ። የፒልዘን ውሃ ማዕድን እጅግ ያነሰበት ለስላሳ ውሃ ነው፤ ብቅሉ በእንግሊዞች ዘዴ ሳይጠቍር የደረቀ ነው፤ ሆፑ መዓዛው የታወቀው የዛቴስ አውራጃ ሆፕ ነው፤ እርሾው ደግሞ ብርድ የሚችለው የባቫሪያ እርሾ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ያ ቢራ አይገኝም ነበር። የቦሔሚያ ብርጭቆም የታወቀ ስለ ሆነ መጠጡ ከሸክላ ወጥቶ በብርጭቆ ሲቀርብ ወርቃማው መልኩ ለዓይን ታየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የግሮል ዕውቀት ከላቦራቶሪ የተገኘ አልነበረም፤ አባቱ ጠማቂ ነበረና ሙያውን የወረሰው በእጅና በዓይን ነው። ውሉ በ1845 ሲያልቅ ወደ አገሩ ተመልሶ ሄደ። ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚጠጣውን የቢራ ዓይነት የጀመረው ሰው፥ በሙያው አያያዝ ረገድ፥ ከአንዲት የጎንደር ወይም የመንዝ ጠላ ጠማቂ እጅግ የራቀ አልነበረም ማለት እንችላለን።

፫. የእጅ ሙያ ወደ መዝገብ ሲገባ

እንግዲያስ ልዩነቱ የመጣው መቼ ነው? የመጣው ከ1842 በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት ነው።

በ1845 የዴንማርኩ ጠማቂ ያኮብ ያኮብሰን ከሴድልማየር ዘንድ እርሾ ተቀብሎ ከሙኒክ እስከ ኮፐንሃገን በሠረገላ ተጓዘ። በየማረፊያው ውሃ እያፈሰሰ ዕቃውን ያቀዘቅዘው ነበር ይባላል። በ1876 ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ያጠናውን መጽሐፍ አሳትሞ፥ ቢራን የሚያበላሹት በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ሌሎች ሕያዋን መሆናቸውን አስረዳ። በ1870ዎቹም ጀርመናዊው መሐንዲስ ካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ መኪና ሠርቶ በሴድልማየር ቤተ ሰብ መጥመቂያ ተፈተነ። ከዚያ ወዲያ ላገር ለመጥመቅ ክረምትን መጠበቅ ቀረ።

ያኮብሰን በ1875 በካርልስበርግ መጥመቂያው አጠገብ ላቦራቶሪ አቋቋመ። በዚያ ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሀንሰን ቢራቸው ጣዕሙ የሚበላሽበትን ምክንያት ሲመረምር በጥሩው እርሾ መካከል ባዕድ እርሾ መግባቱን አገኘ። በ1883 አንዲት የእርሾ ሕዋስ ለይቶ ብቻዋን በማርባት ንጹሕ ዘር አወጣ። ከግኝቱ ይልቅ የሚያስደንቀን ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። የላቦራቶሪው ደንብ ጠቃሚ የሆነ የምርምር ውጤት እንዳይደበቅ ያዝ ስለ ነበር ዘዴው ታተመ፤ እርሾውም ለሌሎች ጠማቂዎች ተሰጠ። በኬሚስትሪ ክፍል ሁላችንም የምንጠቀምበት የአሲድነት መለኪያ፥ ማለት ፒኤች፥ በ1909 የወጣው ከዚሁ ላቦራቶሪ፥ ከሶረንሰን እጅ ነው።

ምርምሩም በዚያ አልቆመም። የላገር እርሾ የሁለት ዘሮች ድቅል መሆኑ ከታወቀ በኋላ አንደኛው ወላጁ ለብዙ ጊዜ ሲፈለግ ቆይቶ፥ በ2011 በአርጀንቲና ፓታጎንያ ደን ውስጥ በዱር ዛፎች ላይ መገኘቱ ተገለጸ። ይህን የመሰለ ጥያቄ መጠየቅ የተቻለው እርሾው ስም ተሰጥቶት፥ ተለይቶና ተጠብቆ ስለ ቆየ ነው።

፬. ቢራ ወደ አገራችን ሲገባና የጠላ ነገር

ማቀዝቀዣውና ንጹሑ እርሾ ከተገኙ ዘንድ ወርቃማው ላገር የአገር ድንበር አላገደውም። በ1903 በቻይና ቺንግዳዎ ከተማ፥ በ1922 ደግሞ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ፋብሪካ ተከፈተ። በኋላም ሜታ አቦ፥ ሐረር፥ በደሌ፥ ዳሽንና ሌሎችም ተከትለዋል። የእነዚህ ፋብሪካዎች ቢራ፥ ከጥቂቱ በቀር፥ የዚያው የፒልዘን ቢራ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

ጠላ ግን በራሱ መንገድ የመጣ የተለየ የቢራ ዓይነት ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይጠነሰሳል፤ ከዚያ ብቅልና የቂጣ ፍርፋሪ ገብቶበት ይደፈደፋል፤ ቀጥሎም ተቈልቶ የተፈጨው እህል ይጨመርና ውሃ ተሞልቶ አፉ ይመረጋል። ከውጭ የሚገዛ እርሾ የለም፤ እርሾው ከጌሾው፥ ከብቅሉና ከጋኑ ይገኛል። እህሉም እንደ አገሩ ይለያያል፤ በደጋ ገብስ፥ በሌላው ዳጉሳ፥ ማሽላ ወይም በቆሎ ይሆናል። ሳይጠል የሚጠጣው ጉሽ፥ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ፥ ወፈር ብሎ የሚጠመቀው ኮረፌ፥ በትግራይ ስዋ፥ በኦሮሞ ፈርሶ የሚባለው ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው። ፈረንጆች በቢራዎቻቸው መካከል የሚያደርጉትን የዓይነት ልዩነት እናቶቻችን በቋንቋቸው ለይተው ሰይመውታል።

ይህን ብለን የጠላን ጕድለት መሸሸግ አይገባንም። ኀይሉ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ከተከፈተ በኋላ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ዛሬ የጣፈጠው ነገ ላይደገም ይችላል። ዳሩ ግን ይኸው ሁሉ በ1838 በፒልዘን አደባባይ የፈሰሰው ቢራ ጕድለት ነበር። የጠላን ጌሾና ረቂቅ ሕያዋን በላቦራቶሪ የመረመሩ ሊቃውንት አልታጡም፤ ሆኖም የጠማቂዋ ዕውቀት፥ ማለት ስንት ቀን፥ በምን ያህል ጌሾ፥ በየትኛው ውሃ የሚለው፥ እስካሁን በአብዛኛው የሚኖረው ከእናት ወደ ልጅ በቃልና በእጅ ሲተላለፍ ነው። ጠማቂዋ ጠላው መድረሱን በጋኑ ድምፅና በሽታው ታውቃለች። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ግን ከእርሷ ጋራ ይቀበራል።

፭. የጠፋና የተመለሰ ቢራ

የመዝገብ ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ እናምጣ። በፖላንድ ግሮጂስክ በምትባል ከተማ በባሉጥ እንጨት ጢስ ከታጠነ የስንዴ ብቅል የሚጠመቅ ቀለል ያለ ቢራ ለብዙ መቶ ዓመታት ይታወቅ ነበር። ጢሱ ከብቅሉ ነው እንጂ እንደ እኛ ከጋኑ አይደለም፤ ቢሆንም የጠላ ወዳጅ ቢቀምሰው ባዕድ የሚሆንበት አይመስለንም። ወርቃማው ላገር ገበያውን ሲይዘው መጥመቂያው በ1993 ተዘጋ፤ ያ የቢራ ዓይነትም ጠፋ ተባለ። ነገር ግን የአሠራሩ ጽሑፍና እርሾው ተጠብቀው ስለ ነበር በቤታቸው የሚጠምቁ ወዳጆች ተባብረው መልሰው አቋቋሙት፤ በ2015 የከተማዋ መጥመቂያ እንደ ገና ሥራ ጀመረ።

መዝገብና እርሾ ባይኖር ኖሮ የሚመለስ ነገር አይኖርም ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ በመግቢያችን የጠቀስናቸው ሁለቱም ወገኖች መሳሳታቸውን ነው። ቢራ ከጠላ የተለየው በመጠጡ ክብር አይደለም፤ ሁለቱም ከብቅል፥ ከመራራ ተክልና ከእርሾ የተወለዱ የአንድ ሙያ ልጆች ናቸው። የተለያዩት አንዱ ተለክቶ፥ ተጽፎና ለሌላው ተገልጾ ሲቈይ ሁለተኛው በጓዳ በመቅረቱ ነው። ጠላን በማወደስ ብቻም ጠላ አይጠበቅም።

ጊዜውም ብዙ የሚሰጠን አይመስልም። በከተማ ጋኑ በፕላስቲክ በርሜል እየተተካ ነው፤ ጋኑ ሲሄድ የወይራው ጢስና በሸክላው ውስጥ ያደረው እርሾ አብረው ይሄዳሉ። ለድግስ ቢራ በሣጥን ማስመጣት ጠላ ከመጥመቅ ስለሚቀል ሙያውን ከእናቷ የምትማር ልጅ ቍጥሯ እያነሰ ነው። ድካሙን ለማስቀረት የምትሻውን ሴት ልንወቅሳት አይገባም፤ የጋን ውሃ በጀርባዋ ያመላለሰችው እርሷ ናትና።

ስለዚህ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከመካከላችን አብዛኞቻችን ለዕረፍት ወደ የአገራችን ስንመለስ ከእናታችን ወይም ከአያታችን አጠገብ ተቀምጠን የእህሉን ዓይነትና ሚዛን፥ የጌሾውን መጠን፥ የቀኑን ብዛት፥ የውሃውን ምንጭና የአገሩን ደጋነት ወይም ቈላነት እንጻፍ። የባለሙያዋንም ስም፥ ፈቃዷ ከሆነ፥ ከጽሑፉ አናት ላይ እናስፍር። የሳይንስ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ ከየአገሩ ጥንስስ ጥቂት እየወሰዱ እርሾውን ለይተው ቢያኖሩ ታላቅ ሥራ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተር፥ እርሳስና ትዕግሥት ነው። የኮፐንሃገኑ ላቦራቶሪም የጀመረው አንድ የተበላሸ ቢራ ለምን ተበላሸ ብሎ ከመጠየቅ ነውና፤ እኛም ጥሩው ጠላ ለምን ጥሩ ሆነ ብለን ከመጠየቅ እንጀምር።