ተረኛው ማን ነው?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በቡሄ ሰሞን ልጆች ሜዳ ወጥተው ጅራፍ ሲያጮሁ ሰምታችኋል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይባላል፤ የሚጮኸው ግን አየሩ ነው። ልጁ ክንዱን ሲወነጭፍ እንቅስቃሴው ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየሄደ ይፈጥናል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ድምፅን ይቀድማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ከዚያ የፈጠነ ነገር ሲመጣበት አየሩ ገለል የሚልበት ጊዜ አያገኝም፤ ባለበት ይታመቃል፣ ግፊቱም ሙቀቱም ባንድ አፍታ ያሻቅባል። ሊቃውንቱ ሾክ ዌቭ የሚሉት ሞገድ ይኸው ነው። በ1998 በጀርመን ፍራይቡርግ ፒተር ክሬልና ባልደረቦቹ የጅራፍን ጩኸት በፈጣን ካሜራ ተከታትለው፣ ሞገዱ ከጫፉ እንዴት እንደሚወጣ ጽፈዋል። ዓመቶቹንም ወሮቹንም የምቆጥርላችሁ በፈረንጆቹ ነው።

ዛሬ የማወጋችሁ እንዲህ ያለውን ነገር ዕድሜ ልካቸውን የሚያጠኑ ሰዎች በዓለም አቀፍ ጉባኤያቸው እንዴት እንደሚሰባሰቡ፣ ማንስ እንደሚሰበስባቸው ነው።

ነገሩ በሁለት ሰዎች ደብዳቤ ነው የጀመረው ብል ማጋነን አይሆንም። ኤርንስት ማኽ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ፕራግ ነበር። ፔተር ሳልኸር ደግሞ በአድርያቲክ ባሕር ዳር፣ ፊዩሜ በተባለችው በዛሬዋ ሪየካ፣ የባሕር ኃይል መምህር ነበር። አንዱ ያስባል፣ ሌላው ይሞክራል፤ ሐሳቡ በፖስታ ይመላለሳል። በ1886 ሳልኸር የምትበር ጥይት ፎቶ አነሳ፤ ከፊቷ የተደገነው ሞገድ በፎቶው መስታወት ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። በ1899 ደግሞ ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ የባሩድ ሊቅ ሞገዱን ቤት ውስጥ የሚያስነሳ ቱቦ ሠራ። ቱቦው በስስ ገለፈት ለሁለት ተከፍሏል። ባንድ በኩል የታመቀ ጋዝ አለ፤ ገለፈቱ ሲበጠስ ሞገዱ በሌላኛው ወገን ይከንፋል። ሁሉም በሚሊሰከንዶች ያልቃል። እስከ ዛሬ ድረስ በጉባኤው ላይ በዚህ ሰው ስም የሚጠራ የክብር ንግግር አለ።

ጉባኤው ራሱ የተወለደው በ1957 አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ላይ ነው። ያን ጊዜ ጭንቁ የኑክሌር ፍንዳታና ከጠፈር ተመልሶ የሚወርድ ሚሳይል ነበር። ስለዚህ ስብሰባው የአየር ኃይል ግቢ ውስጥ፣ ከአጥር ወዲያ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ከአሜሪካ አልወጣም። በ1967 ፍራይቡርግ ተቀበለችው፤ በ1969 ቶሮንቶ፣ በ1971 ለንደን፣ በ1975 ኪዮቶ፣ በ1979 ኢየሩሳሌም፣ በ1983 ሲድኒ፣ በ1991 ሰንዳይ። እንደ እኛ የጽዋ ማኅበር ማለት ነው፤ ዘንድሮ የደገሰ ለሚቀጥለው ተረኛ አስረክቦ ይሄዳል። ይህ ዕውቀት ከወታደር ግቢ ወጥቶ የሁሉም የሆነበትን ምክንያት ብትጠይቁኝ፣ የተረኞቹ ድካም ነው እላለሁ።

ድካሙን ልንገራችሁ። ተራው የደረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ሌላ ነው፦ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ ላቦራቶሪውን ይመራል። በዚያ ላይ ከየአገሩ በመቶ የሚቆጠር አጽሕሮተ ጥናት ይጎርፍለታል። ለእያንዳንዱ ገምጋሚ መፈለግ አለበት። ጀት ሞተር የሚያጠናው፣ የኩላሊት ጠጠር የሚሰብረው፣ ኮከብ ሲፈነዳ የሚያሰላው ባንድ ስም ይምጡ እንጂ አንዱ የሌላውን ቋንቋ በቅጡ አይሰማም። የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ አዳራሽ ይግባ? የአንድ ሰው ሁለት ተማሪዎች በተመሳሳይ ሰዓት በሁለት አዳራሽ እንዳይመደቡ ማን ያያል? ይህን የሚያደራጅ ሰው ሳይንሱን ከዳር እስከ ዳር ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ ነው ጉባኤ ማሰናዳትን የጸሐፊ ሥራ ብቻ አድርገው ሲያዩት የምከፋው።

ደግሞ ቪዛ አለ። የጥናቱ ርዕስ ፍንዳታ ወይም ከድምፅ የፈጠነ በረራ የሚል ሲሆን ኤምባሲ ላይ ጥያቄ ቢበዛ አይገርምም። አዘጋጁ የጥሪ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ካልበቃ ሌላ ይጽፋል። ከሩቅ አገር የሚመጣ ወጣት ተመራማሪ የመመዝገቢያ ክፍያ ሲያጥረው ሮጦ ድጋፍ ይለምንለታል። እኔ ከሁሉ የማከብረው ይህን ነው።

አሁን ወደ ቤጂንግ ልውሰዳችሁ። ሃያ አራተኛው ጉባኤ ለ2003 ክረምት ታስቦ ነበር። በዚያው ዓመት ሳርስ የተባለው የሳንባ በሽታ ተነሳ። ሚያዝያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ወደ ቤጂንግ አትጓዙ የሚል ምክር አወጣ፤ ምክሩ የተነሳው ሰኔ 24 ቀን ነው። እስኪ በአዘጋጆቹ ቦታ ሁኑ። ጥናቱ ተገምግሟል፣ መርሐ ግብሩ ተሰናድቷል፣ በሽታው መቼ እንደሚያባራ ግን ማንም አያውቅም። ጉባኤውን አንድ ዓመት አስተላለፉት። ሐምሌ 2004 ላይም ደገሱ፣ እንግዳው መጣ።

የሚቀጥለው ተረኛ ግን የሕንዷ ባንጋሎር ነበረች፤ የእሷ ቀን ደግሞ ሐምሌ 2005 ነው። በሁለት ዓመት የሚመጣው ጉባኤ ባንድ ዓመት ሊደገም ሆነ። ባንጋሎር ቀኗን አላዛወረችም። የቤጂንግ እንግዶች ሻንጣቸውን ፈተው ሳይጨርሱ አዲስ ጥናት ሊጠየቁ ነው፤ የሕንድ ሳይንስ ተቋም ሰዎች ግን ጥሪያቸውን አስተላልፈው፣ ገምግመው፣ በቀናቸው በራቸውን ከፈቱ። የዚያ ተቋም ላቦራቶሪ የታወቀበት አንድ ነገር አለ። ኬ. ፒ. ጄ. ሬዲ የተባሉት መምህር ያስተዋወቁት በእጅ ጉልበት የሚሠራ ትንሽ የሞገድ ቱቦ ነው፤ ተማሪ ፒስተኑን ገፍቶ ከድምፅ የፈጠነ ሞገድ ያስነሳል። እዚያው ሞገዱን የሰንደል እንጨት ዘይት ለማውጣት ሞክረውታል። አልበከርኪ ላይ ስለ ቦምብ ሲመክሩ የነበሩት ሰዎች ማኅበር ስለ ሰንደል ዘይት የሚወራበት ቤት ደረሰ ማለት ነው።

ሐኪሞቹንም አልረሳም። በየካቲት 1980 ሙኒክ ላይ ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ፣ ዶርኒየር የተባለው አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ባሰናዳው መሣሪያ፣ የአንድ በሽተኛ የኩላሊት ጠጠር ሆዱን ሳይቀዱ በሞገድ ሰበሩ። አውሮፕላን ሠሪና ሐኪም ባይገናኙ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

በየካቲት 2013 ደግሞ ሩሲያ፣ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ አንድ የጠፈር ዓለት ፈነዳ። ሰው ብርሃኑን አይቶ ወደ መስኮት ሮጠ፤ ሞገዱ ግን ደቂቃዎች ቆይቶ ነው የደረሰው፣ መስታወቱንም ሰዉ ፊት ላይ አራገፈው። ከሺህ በላይ ሰው ተጎዳ። ብልጭታ ካያችሁ ከመስኮት ራቁ፤ ይህን የምላችሁ ከልቤ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ጉባኤው አሜሪካ፣ ማዲሰን ላይ ተሰበሰበ።

ከዚያ ቴል አቪቭ በ2015፣ ናጎያ በ2017፣ ሲንጋፖር በ2019 ተቀበሉት። እስከዚያ ድረስ የቆጠርኩት ዝርዝር ውስጥ አንድም የአፍሪካ ከተማ የለም። ሰው ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ጆሃንስበርግ፣ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ቤሪክ ስኪውስ ሞገድ ማዕዘን ሲዞር ምን እንደሚሆን ከ1960ዎቹ ጀምረው አጥንተዋል፤ ሥራቸውም የዘርፉ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ነው። ተራ የሚሰጠው ግን ለጠየቀ ነው። ላቦራቶሪ ያለው፣ ዩኒቨርሲቲው ከጎኑ የቆመለት፣ እንግዳውን አምጥቶ በሰላም ለመመለስ የቆረጠ አንድ ቡድን ከአህጉራችን ተነሥቶ ተራውን ለሚሰጠው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ «የሚቀጥለውን ለእኛ ስጡን» ብሎ ማመልከት ይችላል። ያን ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው በሕይወት ሳለሁ ላየው እመኛለሁ።